«ደህና ነኝ» ያለኝ ዕለት

ኅዳር ስምንት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ታላቅ ወንድሜ በስልክ «ደህና ነኝ» አለኝ። ስልኩ ሲዘጋ ወንበር ስቤ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሻንጣ ለማውረድ ወጣሁ።

ሌላ ቤት ቢሆን ይህ ቃል ማንንም አያስደነግጥም። እኛ ቤት ግን ያስደነግጣል።

ወንድሜ ቀለም ቀቢ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ሩሎ» ይለዋል፣ ግድግዳ ላይ ቀለም በሚንከባለልበት ዕቃ ስም። እኔ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። እሱ ደግሞ ሚጢጢ ይለኛል። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ በሱቄ በር በጎን ካልሆነ የማልገባ ሴት ሆኜም ሚጢጢ ነበርኩ። ሥራችንም አንድ ነበር፤ እሱ ይቀባል፣ እኔ ቀለም እቀምማለሁ፣ መሰላል እይዝለታለሁ። በኋላ ቀለም ቤት ከፈትኩ።

በሃያ ስድስት ዓመቱ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ነበር። አምስት ዓመት ቆየ። በጎረቤት ስልክ በደወለ ቁጥር እናታችን ሮጣ ትሄዳለች፤ እሱም «ደህና ነኝ እማዬ» ይላታል፤ እሷም ያንን ቃል ለመንገዱ ሁሉ እያደለች ትመለሳለች። ሲመጣ የአንገቱ አጥንት ሸሚዙን ሊቀድ ደርሶ ነበር። አንድ ቀን የመስኮት ፍሬም እየፋቅን ሳለ ነገረኝ። ሥራው የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት ነጭ መቀባት ነበር፤ ፀሐይ የሚያየው እሑድ ብቻ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው ይኖሩ ስለነበር፣ ማልቀስ ሲያምረው መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ይከፍተዋል።

እናቴ ከበሩ ኋላ ሆና ሰምታ ኖሯል። ገባችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ‹ደህና ነኝ› የሚለኝ ልጅ እንዳላይ። ያመመህን ንገረኝ። ያናደደህን ንገረኝ። ደህና መሆንህን እኔው አይቼ አውቃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የቤታችን ሰላምታ ምሬት ሆነ። «እንዴት አደርክ?» ሲባል «ወገቤ ተቆርጧል፣ ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ያ ጎረቤት ደግሞ ሲያስል አነጋ» ይባላል። የሚያማርር ሰው ጤና ነው ብለን እናልፋለን። አባታችን ዕድሜ ልኩን ስለ ጫማው ሲያማርር ኖሮ፣ በመጨረሻው ሳምንት ብቻ ነው «ደህና ነኝ ልጆቼ» ያለን። ነገሩ ወዲያው ገባን፤ ዘመድ ጠራን።

እንግዲህ ወንድሜ ስልሳ አራት ዓመቱ ላይ ሚስቱ ሞተችበት። በዚያው ዓመት ሐኪሙ ጉልበቱን አይቶ መሰላል ከለከለው። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ሱቄ እየመጣ በር አጠገብ የተደፋ የቀለም ጣሳ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ይቀመጣል፣ ያማርራል።

«ሚጢጢ፣ ቤቱ ሰፋብኝ።»

«እሺ ወንድም ጋሼ።»

«ሰው ሰለቸኝ። መንገዱ ሰለቸኝ። ይሄ ደግሞ ክሬም ስጡኝ ይላል፣ ክሬምና ቢጫ የማይለይ ሰውዬ!»

እኔ ቀለም እያማሰልኩ ፈገግ እላለሁ። «ይመስገን፣ ጤና ነው» እላለሁ ለራሴም ለደንበኛውም።

ሁለት ዓመት እንደዚህ ከረምን። ከዚያ ሴት ልጁ መጣች። ልጁ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናት፤ የምትኖረውም እሱ በወጣትነቱ በነበረበት በዚያው አገር፣ በዚያው ከተማ ነው። «አባዬን ልውሰደው» አለች። ያ ምድር ቤት ታወሰኝና ደሜ ፈላ። እሱ ግን ልብሱን አጣጠፈ።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ብርዱን ያማርራል፣ አሳንሰሩን ያማርራል፣ ዳቦው ጥርስ ይሰብራል ይላል። እኔም ጥሩ እንቅልፍ እተኛለሁ። ከዚያ ምሬቱ እየሳሳ መጣ። ኅዳር ስምንት ቀን ላይ ጨርሶ ጠፋ።

«ደህና ነኝ ሚጢጢ። ደስ ብሎኛል። በኋላ እደውላለሁ» አለና ዘጋ። በኋላም አልደወለም።

የወንድሜ ልጅ «መጥተሽ እይን» ስትለኝ ስለከረመች የቪዛው ነገር አላስቸገረም። ከወር በኋላ ተሳፈርኩ። ለመሄጃው አንድ ወንበር፣ ለመመለሻው ሁለት ወንበር ነበር የያዝኩት። ወንድሜን ይዤው ልመለስ ነው የሄድኩት፤ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም።

ልጅቷ ከነሥራ ልብሷ መጥታ ተቀበለችኝ።

«አባትሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ አክስትዬ።»

«አንቺም ጀመርሽ!»

ምን እንዳጠፋች ስላልገባት ሻንጣዬን ተሸከመች።

ሕንፃቸው ባለ ስድስት ፎቅ ነው። በሩን ከፍተን ስንገባ አፍንጫዬን ቀለም መታው። የውሃ ቀለም፣ ገና አንድ ቀን ያልሞላው። በደረጃው ወጣን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወንድሜ መደገፊያው የተቆረጠ ባለጎማ የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከወገብ በታች ያለውን ግድግዳ ይቀባል። ከበላዩ መሰላል ላይ አንድ ረጅም ነጭ ሽማግሌ ቆሞ ከወገብ በላይ ያለውን ይቀባል።

«ወንድም ጋሼ!»

«ሚጢጢ! ቆይ፣ እንዳትነኪኝ፣ ጫፉ ይደርቅብኛል!»

ይህን የሥራው ሰው ያውቀዋል። ግድግዳ መሐል ላይ አቁመህ እርጥቡ ጫፍ ከደረቀ፣ ተመልሰህ ስትቀጥል መጋጠሚያው ላይ የማይጠፋ መስመር ይቀራል። ስለዚህ ለስንት ወር ያላየሁት ወንድሜ በወንበሩ እየተንሸራተተ ጥጉ ላይ እስኪደርስ ሻንጣዬን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ብሩሹን አስቀምጦ አቀፈኝ፤ ኮቴ ጀርባ ላይ የአምስት ጣት ቀለም ቀረ።

«ይሄ ማነው?» አልኩት ሽማግሌውን እያሳየሁ።

«ምሰሶ ነው። ስሙን መጥራት ስላልቻልኩ ነው። ባቡር ነጂ ነበር፣ አሁን ጡረተኛ ነው።»

«በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?»

«እኔ በእኔ፣ እሱ በእሱ። እስካሁን አልተጣላንም።»

ሳቅሁ፣ ግን ልቤ አልሳቀም። ጉልበቱ ያለቀውን ሰው እንደገና ግድግዳ ስር አስቀመጡት፣ እሱም እንደ ድሮው ደህና ነኝ ይላል፤ እንደዚህ ነበር ያሰብኩት። እራት ላይ ነገርኩት።

«ለመመለሻ ሁለት ወንበር ይዣለሁ። በሚመጣው ሳምንት መጨረሻ አብረን እንሄዳለን።»

«ደህና ነኝ እኮ ሚጢጢ።»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

ልጁ ሳህኖቹን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች። እሱ ቀለም የነካውን ጥፍሩን መፋቅ ያዘ፤ እሄዳለሁም አልሄድምም አላለም።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት በሩ ተንኳኳ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ወጣት ናት፤ ታብሌት ይዛለች። በየአገሩና በየዕድሜው ሰው ሕይወቱ ምን ያህል ደስ እንደሚለው እየዞሩ ይጠይቃሉ አለች የወንድሜ ልጅ። ወንድሜ ወንበር ሰጣት። ልጁ መሐል ተቀምጣ መተርጎም ጀመረች።

«አባዬ፣ አንድ መሰላል አለ እንበል።»

«የምን መሰላል? የእንጨት ነው የብረት?»

«ዝም ብሎ መሰላል።»

«ዝም ብሎ መሰላል የለም። ግድግዳ የሚደገፍ ነው ወይስ ራሱን ችሎ የሚቆም?»

የወንድሜ ልጅ ተረጎመች። ወጣቷ ታብሌቷን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋች፤ እዚያ አልተጻፈም።

«ይሁን፣ ራሱን ችሎ የሚቆም» አለች የወንድሜ ልጅ በራሷ ሥልጣን። «አስር እርከን አለው። አስረኛው ከዚህ የተሻለ ኑሮ የለም የሚባለው ነው። ታች መሬቱ ደግሞ የመጨረሻው መጥፎ ኑሮ። አንተ የት ቆመሃል?»

«ሰባት» አለ ሳያስብ።

«ለምን ሰባት?»

«ከሰባት በላይ ከወጣሽ ጉልበትሽን የምታስደግፊበት የለም። አስር ላይ የቆመ ሰው ምን ይዞ ይቀባል? አየር ይዞ?»

ወጣቷ ሲተረጎምላት ሳቀችና ሰባትን ነካች። «ከአምስት ዓመት በኋላስ የት የሚሆኑ ይመስልዎታል?»

«ከአምስት ዓመት በኋላ መሬት ውስጥ ነኛ! እዚያ መሰላል አያስገቡም።»

«አባዬ!»

«ተርጉሚላት፣ አታሳጥሪብኝ።»

እኔ ግን መታገሥ አቃተኝ።

«ውሸቱን ነው» አልኩ። «ንገሪያት፣ ውሸቱን ነው በያት። ሰባት ይላል እንዴ! በዚሁ ከተማ ውሃ ከፍተህ ታለቅስ አልነበረም?»

«ነበር» አለ።

«ታዲያ አገሩ ተቀየረ?»

«አገሩማ ያው ነው። ባለፈው በዚያ ሕንፃ በር አልፌያለሁ። ምድር ቤቱ አሁንም መኪና ያቆሙበታል፣ የእኔን ነጭ እንኳን አልደገሙትም።» ወደ እኔ ዞረ። «ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እጄ እዚህ ይቀባል፣ የቀረው ሁለመናዬ እናንተ ጋ ነው። መቼ ነው የማገባው፣ መቼ ነው ቤት የምሠራው፣ እማዬን መቼ ነው የማሳክማት፣ መቼ፣ መቼ፣ መቼ። አሁን አገባሁ። ሠራሁ። ቀበርኩም። ጠዋት ስነሳ የዚያን ቀን ግድግዳ ብቻ ነው ያለብኝ። የሚጠብቀኝም የለም፣ የምጠብቀውም የለም።»

«እኔስ? እኔ አልጠብቅህም?»

የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፉ አስተካከለ።

«እኔ ጋ ሳለህ ደህና ነበርክ» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሏል። «ቀኑን ሙሉ ስታማርር ትውል ነበር!»

ወንድሜ አፍጥጦ አየኝ። ቀስ ብሎ፣

«ሚጢጢ፣ እኔ ስማረር እኮ የምሬን ነበር» አለኝ።

«ምን?»

«ቤቱ ሰፋብኝ ስልሽ ሰፍቶብኝ ነው። የእሷን ጎን እያየሁ መተኛት አቅቶኝ ሶፋ ላይ ነበር የማድረው። ሰው ሰለቸኝ ስልሽ ሰልችቶኝ ነው። ዞር ባልኩበት ሁሉ እኔ የቀባሁት ግድግዳ አለ፤ ሌላ ሰው ሲደግመው ቁጭ ብዬ አያለሁ። ያለፈ ያገደመው ‹ሩሎ፣ ጉልበትህ እንዴት ሆነ?› ይለኛል። ለአንቺ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ትስቂያለሽ። ‹ይመስገን፣ ጤና ነው› ትያለሽ። በቃ ሸክም ሆኜባታለሁ ብዬ ነው የሄድኩት።»

ወጣቷ ወደ ወንድሜ ልጅ ዘንበል ብላ አንድ ነገር ጠየቀች። ምን እያሉ ነው ማለቷ መሆኑ ያስታውቃል። የወንድሜ ልጅ ዓይኗ እንባ ሞልቶ መለሰችላት። ምን እንዳለቻት በኋላ ነው የነገረችኝ፤ «ስለ ቀለም ነው የሚያወሩት» ብላታለች።

«የእማዬ ሕግ እኮ ነው» አልኩ። «የሚያማርር ጤና ነው ብለን...»

«እማዬ መች እንደዚያ አለች? ንገሩኝ ነው ያለችው። ደግሞ ስንነግራት ትነሣ ነበር፤ ወገቤን ስላት መጥታ ታሸኛለች፣ ሻዩ ቀዘቀዘ ስትያት ታሞቅልሻለች። እኛ መናገሩን ያዝን፣ መነሣቱን ተውነው።» እጁን እጄ ላይ አደረገ። «እኔም ያው ነኝ። አንቺስ ስታማርሪ መቼ ተነሥቼ አውቃለሁ?»

እውነቱን ነበር። ዓይኖቼን እየጠረግሁ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ።

«ታዲያ ያን ጠዋት ደህና ነኝ ብለህ ጆሮዬ ላይ የዘጋኸው ለምንድን ነው?»

«ቀለም ሊደርቅብኝ ነዋ! ሦስተኛው ፎቅ መሐል ላይ ነበርኩ፣ ምሰሶ ከላይ ይጮህብኛል። እየቀባሁ ነው ብዬ እንዳልነግርሽ ‹ጉልበትህ!› ብለሽ ሰማይ ምድሩን ልታነቃንቂው ነው።»

ሳቅ አመለጠኝ፤ ከለቅሶው ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን አበላሸው። ወጣቷ መሐረብ ሰጠችኝና፣ አይ የሥራ ነገር፣ እኔንም የት እርከን ላይ እንደቆምኩ ጠየቀችኝ።

«እኔ መሰላል ያዥ ነኝ በያት» አልኩ። «ወጥቼበት አላውቅም።»

ቁጥር ካልሆነ ታብሌቱ አይቀበልም አለች። ቁጥር ስላልነበረኝ አለፈችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላም ቢሆን ሁለተኛውን ወንበር አልሰረዝኩትም። ምናልባት ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል እያልኩ የሱን ፊት አያለሁ። እሱ ግን በየጠዋቱ ጉልበቱን ታሽቶ፣ ያችን ባለጎማ ወንበር እየገፋ ይወጣል። እኔም ተከትዬው እወጣለሁ። የሕንፃው ሰዎች መግቢያውን ቢጫ ይሁን ብለው ተስማምተው፣ የትኛው ቢጫ በሚለው ተኳርፈው ነበር። ባልዲ አስመጣሁና ቢጫው ውስጥ ቡናማ ጠብ አድርጌ፣ ደግሞ ከጥቁሩ በጣቴ ጫፍ ያህል ጨምሬ አማሰልኩት። ግድግዳው ላይ ስናወጣው ኩርፊያው በረደ። ምሰሶ ወርዶ እጄን ጨብጦ በቋንቋው ብዙ አወራኝ።

«ምን አለ?» አልኩት ወንድሜን።

«እኔ በምን አውቃለሁ? ግን አሳንሶ አላወራም።»

መሰላሉን ያዝኩለት። ወንድሜ ከታች እየተንሸራተተ ያንጎራጉራል፤ እቤት ሳለ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም። ይህን ያስተዋልኩት ያኔ፣ መሰላሉን እንደያዝኩ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ወንበር ላሰርዝ አየር መንገዱ ቢሮ ልሄድ ኮቴን ለበስኩ፤ ደረጃው ላይ ቆሜ ቆየሁና አወለቅኩት። እሱን መተው ገብቶኝ ነበር፤ ወንበሩን መተው ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ከመሄዴ በፊት ባለው ምሽት ሁለታችን ሰገነቱ ላይ ተቀመጥን። ከታች አውቶቡሶች ያልፋሉ።

«ሚጢጢ፣ አልሄድም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ተቀየምሽኝ?»

«ተቀይሜሃለሁ። ደግሞ ከፍቶኛል። ሱቁ በር ላይ ያለው ቦታህ ባዶውን ነው የሚውለው። ደንበኛ ሊቀመጥበት ሲል እቆጣለሁ።»

ሰማኝ። አልሳቀም። ተነሥቶ ገብቶ ብርድ ልብስ አምጥቶ ትከሻዬ ላይ አደረገልኝና ወደ ቦታው ተመለሰ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ ቆይቶ። «እኔ የለሁም እንበል። ሱቁም የለም። አንቺን ምንድን ነው ደስ የሚልሽ?»

«አንተ ስትመጣ።»

«እሱ የእኔ ነው። የአንቺን ነው ያልኩሽ።»

በሐሳቤ ፈለግሁት። ልጅ ሳለሁ የነበረ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ወደኋላ ሄድኩ፤ ያኔም መሰላል ስይዝ ነው የማገኘው። ለሰው የሚስማማውን ቀለም በዓይኔ አይቼ እነግረዋለሁ፣ የራሴ ቤት ግድግዳ ግን ከደንበኛ የተረፈ ቀለም ነው።

«አላውቀውም» አልኩት።

«አስቢበት። እኔ አልቸኩልም።»

በማግስቱ የወንድሜ ልጅ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰችን። እሱ መግቢያው በር ድረስ መጣ፤ አቀፈኝ፤ «ጉልበቴን አሞኛል፣ ይሄ ወለል ደግሞ ምን አስለሰለሰው» አለ። «የትኛው ጉልበትህ ነው?» ብዬ ጎንበስ ብዬ አሸሁለት፣ ሰው ሁሉ እያየን። አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ኮቴን አስቀመጥኩበት።

ወንድም ጋሼ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ። በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ሲያማርር እጠይቀዋለሁ፣ ሳማርር ይጠይቀኛል። በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ወር መጥቶ ለሚስቱ መቃብር አጥር አሠርቶ ተመለሰ። ሕንፃውን ከምሰሶ ጋር ጨርሰው ቀጥሎ ያለውን ጀምረው ነበር። መጋቢት ውስጥ አንድ ጠዋት የሥራ ጫማውን ሲያስር ልቡ ቆመ። ለቀብሩ ደረስኩ። ምሰሶ ወረቀት ሳይዝ ብዙ ተናገረ፤ የወንድሜ ልጅ የነገረችኝ መጨረሻውን ነው። «የእሱ ግማሽ ከእኔ ግማሽ ይሻል ነበር፣ እሱ እያለ ግን አላመንኩለትም» አለ አለችኝ።

ለዚያ የሰገነቱ ላይ ጥያቄ መልስ ሳልሰጠው ነው የሄደው። ዘንድሮ ሐሙስ ሐሙስ ሱቁን ዘግቼ ዋና እማራለሁ። እስካሁን የምችለው በጀርባዬ መንሳፈፍ ብቻ ነው።